ስለ ዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት፤ ውል ከመፈረሙ በፊት ሊታሰብበት የሚገባ



ከደብረ ታቦር በስተሰሜን በምትገኘው በእብናት ሁለት ሰዎች በበሬ ሽያጭ ተጣልተው ወደ ሽማግሌ የቀረቡ እንደ ሆነ፥ ሽማግሌዎቹ በቅድሚያ የሚጠይቁት ስለ በሬው አይደለም። በሬው ሲሸጥ ታሞ ነበርን፥ ዋጋውስ ስንት ነበር የሚለው ጥያቄ ቆይቶ ይደርሳል። አስቀድመው ከሳሽንም ተከሳሽንም «ነገራችሁን ለእኛ ሰጥታችኋልን? ዋሳችሁ ማን ነው? ከሽማግሌ ቃል የወጣ ምን ይቀጣ? እኛ ካየነው በኋላስ ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድ አለን?» ብለው ይጠይቃሉ። ለዚህ መልስ ሳያገኙ ነገሩን መስማት አይጀምሩም። ለከተማ ሰው ይህ ጊዜ ማባከን መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን በሄግ ወይም በፓሪስ ተቀምጠው በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ የሚዳኙት የግልግል ዳኞችም በመጀመሪያው ቀን የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። በዛሬው ንግግር ሊገለጽላችሁ የታሰበው፥ መንግሥትም ሆነ ኩባንያ በግልግል ዳኝነት አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው በክርክሩ ቀን ሳይሆን ከብዙ ዓመት በፊት ውሉ በተጻፈበት ቀን መሆኑን ነው።

የግልግል ዳኝነት ማለት ባለጉዳዮች መደበኛውን ፍርድ ቤት ትተው ራሳቸው በመረጧቸው ዳኞች ለመዳኘት የሚያደርጉት ስምምነት ነው። ከዕርቅ የሚለየውም አስታራቂ ሁለቱን ወገን አግባብቶ የሚያስማማ ሲሆን፥ የግልግል ዳኛ ግን ሰምቶና መርምሮ የሚፈርድ በመሆኑ ነው። በአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ከቁጥር 3325 ጀምሮ ለዚህ ጉዳይ ደንብ አበጅቶለት ነበር፤ የ1958 ዓ.ም. የሥነ ሥርዓት ሕግም የራሱን ጨመረበት። ዛሬ የሚሠራበት ዋናው ሕግ የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ነው። ባለጉዳዮቹ የተለያየ አገር ሰዎች ሲሆኑ ደግሞ ዳኝነቱ ዓለም አቀፍ ይባላል። ወደዚህ ዳኝነት የሚያደርሰውም ምክንያት ለማንም ግልጽ ነው፤ የእኛ ሰው በሮማ ፍርድ ቤት መቆም አይወድም፥ የሮማውም ሰው በልደታ ፍርድ ቤት መቆም አይወድም። ስለዚህ ሁለቱም የማይፈሩትን ሦስተኛ ቦታ ይፈልጋሉ።

ይህ ዳኝነት በአገራችን ታሪክ ምን ያህል ብርቱ ነገር እንደ ነበረ ለመረዳት የወልወልን ጉዳይ ማስታወስ ይበቃል። ሁላችንም በትምህርት ቤት ሳለን ወልወል የጠብ መነሻ እንደ ነበረ ተምረናል። ወልወል በግልግል ዳኞች ፊት የቀረበ ክርክር መሆኑን ግን ብዙ ሰው አያስታውሰውም።

ኢትዮጵያና ኢጣልያ ሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. የወዳጅነት ውል ተዋውለው ነበር። በውሉ አምስተኛ አንቀጽ ሁለቱ መንግሥታት በዲፕሎማሲ መንገድ ሊጨርሱት ያልቻሉትን ጠብ ጦር ሳያነሡ በዕርቅና በግልግል ዳኝነት ለመጨረስ ቃል ገቡ። አንቀጹ ሲያነቡት መልካም ነው። ዳኞቹ እንዴት እንደሚመረጡ ግን አልወሰነም፤ ይህን ወደፊት ሁለቱ መንግሥታት ደብዳቤ ተለዋውጠው ይስማሙበታል ብሎ አለፈው። አንባቢ ሆይ፥ «ወደፊት እንስማማበታለን» የሚለውን ቃል በውል ውስጥ ባዩ ጊዜ ቆም ብለው እንዲያስቡ እለምንዎታለሁ። ሰዎች በፍቅር ሳሉ ለመስማማት የሰነፉበትን ነገር ከተጣሉ በኋላ ይስማሙበታል ብሎ ተስፋ ማድረግ ከንቱ ነውና።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን በወልወል የውኃ ጉድጓዶች አጠገብ ጦርነት ሆነ። ኢትዮጵያ በአራተኛው ቀን አምስተኛውን አንቀጽ ጠርታ ጉዳዩ በግልግል ይታይ አለች። ኢጣልያ ግን የሚዳኝ ነገር የለም፥ ይልቁን ይቅርታና ካሳ ይገባኛል ብላ እንቢ አለች። ጉዳዩ በዤኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲጎተት ክረምቱ ደረሰ። በመጨረሻ ኢጣልያ ሁለት ሰዎቿን፥ ኮንት አልድሮቫንዲ ማሬስኮቲንና ሞንታኛን መረጠች። ኢትዮጵያም ፈረንሳዊውን የሕግ ሊቅ ዴ ላፕራዴልንና አሜሪካዊውን ፒትማን ፖተርን መረጠች። ሁለት በሁለት ሆኑ ማለት ነው። የጎደለ ቁጥር ስላልነበራቸው ሁለቱ ወገን በተለያዩ ጊዜ የሚፈርድ አልነበረም።

ከዚህም የባሰ ችግር ነበር። በሰኔ ወር መጨረሻ በሆላንድ አገር በስኬቬኒንገን ተሰብስበው ሳለ የኢትዮጵያ ጠበቃ ፕሮፌሰር ጋስቶን ዤዝ ወልወል በኢትዮጵያ ምድር ውስጥ መሆኑን ማስረዳት ጀመሩ። የኢጣልያ ጠበቃ ደግሞ ዳኞቹ የተሰበሰቡት ማን አስቀድሞ ተኮሰ የሚለውን ሊመረምሩ ነው እንጂ ወሰን ሊወስኑ አይደለም ብሎ ተቃወመ። ዳኞቹ እኩል ለእኩል ተከፈሉና ጉባኤው ተበተነ። ነገሩ ተመልሶ ወደ ዤኔቭ ሄደ፤ ሐምሌ 27 ቀን 1927 ዓ.ም. የማኅበሩ ምክር ቤት ዳኞቹ የወሰንን ጉዳይ እንዳይመለከቱ፥ አምስተኛም ዳኛ እንዲመርጡ ወሰነ። አምስተኛው ዳኛ የግሪክ ሰው ኒኮላስ ፖሊቲስ ሆኑ።

ይህን በእብናት ሽማግሌዎች ዓይን እንመልከተው። አንድ ሰው በሌሊት በጎረቤቱ ግቢ ውስጥ ተገኝቶ ተደባደቡ እንበል። ሽማግሌዎቹም «ግቢው የማን እንደ ሆነ አትንገሩን፤ ማን አስቀድሞ በትር እንዳነሣ ብቻ ንገሩን» ቢሉ የግቢው ባለቤት ምን ይቀርለታል? የኢትዮጵያ ነገር እንዲሁ ሆነ። ዋናው ጥያቄ ከዳኞቹ ፊት ስለ ተነሣ ፍርዱ ሊደርስበት የሚችለው ቦታ አስቀድሞ ታወቀ። ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. አምስቱ ዳኞች በአንድ ድምፅ የኢጣልያም የኢትዮጵያም መንግሥት በወልወል ለሆነው ነገር ተጠያቂ አይደሉም ብለው ፈረዱ። ኢጣልያ ይቅርታና ካሳ የጠየቀችበት ምክንያት በዚህ ፍርድ ወደቀ፤ በዚህ በኩል ኢትዮጵያ አልተረታችም። ግን ዘጠኝ ወር ያህል አልፎ ነበር። በእነዚያ ወራት የኢጣልያ ወታደርና መሣሪያ በምጽዋ ወደብ ሲራገፍ ከርሟል። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ፍርዱ በተሰጠ በአንድ ወር የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ።

ጦር ሊዘምት የቆረጠን መንግሥት የግልግል አንቀጽ ያግደው ነበር ብሎ የሚያምን የዋህ ነው። እኔም እንዲህ አልልም። ነገር ግን የዳኞቹ ቁጥር፥ የአመራረጣቸው ሥርዓት፥ የሥልጣናቸውም ወሰን በ1920 ዓ.ም. ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፥ ለማዘግየት የፈለገው ወገን ለማዘግየት ይህን ያህል ቀዳዳ አያገኝም ነበር።

ዳኞች ምን እንዲወስኑ ተፈቀደላቸው የሚለው ጥያቄ ከ65 ዓመት በኋላ በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ። ኢትዮጵያና ኤርትራ ከጦርነቱ በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ ሲፈራረሙ ሁለት ኮሚሲዮኖች አቋቋሙ፤ አንዱ ለወሰን፥ ሁለተኛው ለካሳ። የወሰኑ ኮሚሲዮን እ.ኤ.አ. በ1900፥ በ1902 እና በ1908 በተደረጉት የቅኝ ግዛት ዘመን ውሎችና በዓለም አቀፍ ሕግ ብቻ እንዲፈርድ ታዘዘ። በርትዕ፥ ማለት እንደ ኅሊናውና እንደ ሁኔታው ለመፍረድ ሥልጣን እንደሌለው በግልጽ ተጻፈ። ውሳኔውም የመጨረሻና አስገዳጅ ይሆናል ተባለ።

የአገራችን ሽማግሌ ሥራው ሁሉ ርትዕ ነው። የመሬቱን ጫፍ ለአንዱ፥ የውኃውን መንገድ ለሌላው ይሰጣል፤ ያ ሰው ያረሰበት ዘመን ስንት ነው ይላል፤ መቃብሩ የት ነው ይላል። በልባችን ያለው የዳኝነት ሥዕል ይህ ስለ ሆነ፥ የወሰኑ ኮሚሲዮን ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ውሳኔውን ሲሰጥና በኋላም ባድመ በኤርትራ በኩል መሆንዋ ሲታወቅ ብዙ ሰው ደነገጠ። ዳኞቹ ግን የተሰጣቸው ወረቀት የጥንት ውሎችን እንዲያነቡ እንጂ ባድመን ማን ሲያስተዳድር እንደ ኖረ በርትዕ እንዲመዝኑ አልነበረም። ውሳኔው ለብዙ ዓመታት በምድር ላይ ሳይፈጸም ቆየ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ሙሉ በሙሉ እቀበለዋለሁ ያለው በ2010 ዓ.ም. ነው። ሕግ ብቻ ይፈረድ ወይስ ርትዕም ይግባበት የሚለው አንድ መስመር፥ ለፈራሚው የጠበቆች ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታየው ይችላል። በወሰኑ ላይ ለሚኖረው ገበሬ ግን ቤቱ ነው።

የካሳው ኮሚሲዮን ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። ስምምነቱ ጥያቄ ያለው ሁሉ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ያቅርብ፥ ያልቀረበው ይቀራል ብሎ ነበር። ኮሚሲዮኑም የሚያምነው ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ሲቀርብለት ብቻ ነበር። ነሐሴ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. የመጨረሻው ፍርድ ሲሰጥ ለኢትዮጵያ 174,036,520 የአሜሪካ ዶላር፥ ለኤርትራ 161,455,000 ዶላር፥ በስማቸው ለጠየቁ ኤርትራውያን ግለሰቦችም 2,065,865 ዶላር ተወሰነ። ከሁለቱም ወገን የደረሰውን መከራ ለሚያውቅ ሰው ይህ ገንዘብ ትንሽ ነው። በማስረጃ ጉድለት የወደቀው ጥያቄ ብዙ ነበርና።

አሁን ከመንግሥታት ጠብ ወደ መሥሪያ ቤትና ወደ ኩባንያ ውል እንውረድ፤ አብዛኞቻችሁ የምትፈርሙት ይህን ነውና። በዚህ በኩል ከሁሉ ይልቅ ስሕተት የሚበዛበት «የግልግል ዳኝነት መቀመጫ» የሚባለው ቃል ነው። ብዙ ሰው መቀመጫ ሲባል ዳኞቹ ወንበር ዘርግተው ሻይ እየጠጡ የሚሰበሰቡበት አዳራሽ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። መቀመጫ ማለት ዳኝነቱ በሕግ ዓይን የተወለደበት አገር ነው። ዳኞቹን የሚቆጣጠረው፥ ፍርዱንም ሊሽረው የሚችለው የዚያ አገር ፍርድ ቤት ነው። የመሰብሰቢያው ቦታ ግን ለምቾት ሲባል ሌላ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ሁለት የራሳችን ምሳሌ አለን። የመጀመሪያው የአዲስ አበባ ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ከኢጣልያው ሳሊኒ ኩባንያ ጋር ያደረገው ክርክር ነው። መቀመጫው አዲስ አበባ ነበር፤ ክርክሩ ግን የተካሄደው ዋና ቤቱ በፓሪስ በሆነው በዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ደንብ ነበር። ዳኞቹ ለምቾት ሲሉ ስብሰባውን በፓሪስ ለማድረግ ፈለጉ። ባለሥልጣኑ ይህን ተቃውሞ ዳኞቹ ይነሡልኝ አለ፤ የንግድ ምክር ቤቱ ተቋም አልተቀበለውም። ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ሄዶ የግልግሉ ሥራ እንዲታገድ ትእዛዝ አወጣ። ዳኞቹ ግን ኅዳር 28 ቀን 1994 ዓ.ም. በሰጡት ውሳኔ ሥልጣናችን የመነጨው ከባለጉዳዮቹ ስምምነት ነው ብለው ሥራቸውን እንደሚቀጥሉ አስታወቁ። የአገሩ ፍርድ ቤት አቁሙ ሲል ዳኞቹ እንቀጥላለን አሉ። ይህ ውሳኔ እስከ ዛሬ በዓለም የሕግ መጻሕፍት የሚጠቀስ ነው። ነገሩ ከሥሩ ሲታይ ግን፥ በውሉ የትኛው የግልግል ደንብ እንደ ተመረጠ ሁለቱ ወገን በተለያየ መንገድ መረዳታቸው ለክርክሩ አንዱ ምክንያት ነበር። አንደኛው የንግድ ምክር ቤቱ ነው ሲል ሌላኛው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ነው ይል ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ የኢትዮ ጅቡቲ ምድር ባቡር ነው። የድሮውን ሐዲድ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ለማደስ ኮንስታ ከሚባል የኢጣልያ ተቋራጮች ማኅበር ጋር ውል ተደርጎ ሳለ ሥራው ሳይሳካ ቀርቶ ክርክር ተነሣ። በሄግ ባለው የቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት አገልግሎት የተካሄደው ዳኝነት በ2008 ዓ.ም. ለተቋራጮቹ ወደ 20 ሚሊዮን ዩሮ ወሰነ። ነገር ግን የዳኝነቱ መቀመጫ አዲስ አበባ ስለ ነበር የባቡሩ ድርጅት ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት አቤት አለ፤ ችሎቱም በግንቦት ወር 2010 ዓ.ም. መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለበት ብሎ ፍርዱን ሻረው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ፍርዱ በሄግ ተቋም ስም ቢሰጥም ዕጣው የተወሰነው ውሉ መቀመጫውን አዲስ አበባ ስላለ ነው። ለእኛ ወገን ጠቅሞናል የሚል ይኖራል። ይሁን እንጂ የውጭ ተቋራጭ ይህን አይቶ በሚቀጥለው ውል መቀመጫው ለንደን ወይም ፓሪስ ይሁን ብሎ እንደሚከራከር፥ ዋጋውንም በዚያው ልክ እንደሚያስብ መዘንጋት አይገባም።

የሰበር ነገር ከተነሣ ዘንድ አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። በቀድሞው ሕግ ተዋዋዮች «የግልግል ፍርዱ የመጨረሻ ነው» ብለው ቢጽፉ ሰበር ሊያየው ይችላልን የሚለው ብዙ ያከራከረ ጥያቄ ነበር። ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 42239 በ2003 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ እንዲህ ያለ ስምምነት ሰበርን አያግደውም አለ። ብዙ የሕግ ሰዎች በዚህ አዘኑ፤ ጥቂቶችም ደስ አላቸው። የ2013ቱ አዋጅ ግን መንገዱን ለወጠው፤ ተዋዋዮች ሌላ ካልተስማሙ በቀር ይግባኝ የለም፥ በመሠረታዊ የሕግ ስሕተት ግን ወደ ሰበር መሄድ ይቻላል፤ ይህንንም ቢሆን በስምምነት ማስቀረት ይቻላል። ስለዚህ የሽማግሌዎቹ «እኛ ካየነው በኋላስ?» የሚለው ጥያቄ ዛሬ በውሉ ላይ ግልጽ መልስ ሊጻፍለት የሚገባ ሆኗል። ባይጻፍ ሕጉ ራሱ ይመልስልዎታል፤ መልሱ የሚወዱት መሆኑን ግን ከመፈረምዎ በፊት ይዩት።

ስለ ዳኞች ምርጫ በአጭሩ። አዋጁ ቁጥራቸው ጎደሎ እንዲሆን፥ ተዋዋዮች ካልወሰኑም ሦስት እንዲሆኑ ያዛል፤ የስኬቬኒንገኑ ሁለት በሁለት በዚህ መንገድ ተዘግቷል። የዳኛውን ማንነት መመርመር ግን የባለጉዳዩ ሥራ ነው፤ ጊዜውም ከፍርዱ በፊት ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ባሩክ ፎስተር የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በአገራችን የነዳጅ ዘይት ፍለጋ ፈቃድ ወስዶ ሳለ ተጣላንና በግልግል ከ700 ሺህ ዶላር በላይ እንዲከፍል ተፈረደበት። ገንዘቡን ለማስከፈል መንግሥታችን ወደ አሜሪካ ፍርድ ቤት በሄደ ጊዜ ኩባንያው ከዳኞቹ አንዱ ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው፥ እርሳቸው ደግሞ የኢትዮጵያን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁ ሰው ስለ ሆኑ ለኢትዮጵያ ያደላሉ ብሎ ተከራከረ። ሬኔ ዳቪድ ሕጋችንን ማርቀቃቸው የተሰወረ ነገር አልነበረም፤ ጉዳዩን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። የአሜሪካው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1968 ዓ.ም. የኩባንያውን ክርክር ሳይቀበለው ቀርቶ ኢትዮጵያ ረታች። (ይህ የሆነው ንጉሠ ነገሥቱ ከወረዱ በኋላ ቢሆንም መዝገቡ እስከ ዛሬ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት» በሚለው ስም ይጠራል።)

የቋንቋውንም ነገር የውጫሌ ውል ከበቂ በላይ ስላስተማረን አላስረዝምም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው አንድ ነገር፥ በኢጣልያንኛው ሌላ ነገር ይል እንደ ነበር ሁሉም ያውቃል። ዛሬም በሁለት ቋንቋ የሚጻፍ ውል ሁሉ ልዩነት ቢገኝ የትኛው እንደሚጸና፥ ክርክሩስ በየትኛው ቋንቋ እንደሚካሄድ ሊናገር ይገባዋል። በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ከሆነ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሁሉ የሚተረጎምበትን ወጪ ከወዲሁ ማሰብ ያስፈልጋል።

አሁን በእብናት ለከተማው ውኃ ማውጫ የሚሆን ፓምፕና ሞተር ከውጭ አገር ኩባንያ የሚገዛ መሥሪያ ቤት አለ እንበል። ኩባንያው ከራሱ አገር ያመጣው የታተመ ውል አለው፤ በመጨረሻው ገጽ በደቃቅ ፊደል የግልግል አንቀጽ ተጽፎበታል። ጸሐፊው ዋጋውንና የማስረከቢያውን ቀን በትጋት ይመረምራል፤ ያን አንቀጽ ግን «የተለመደ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እዚህ ላይ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው መሥሪያ ቤቱ በግልግል ለመዳኘት ሥልጣን አለውን የሚለው ነው። አዋጁ በግልግል የማይታዩ ነገሮችን ዘርዝሯል። የቤተሰብ ጉዳዮች እንደ ፍችና ጉዲፈቻ፥ ወንጀል፥ ግብር፥ የመሬት ክርክር ሁሉ፥ ሊዝም ጭምር፥ በግልግል አይዳኙም። የአስተዳደር ውልም እንዲሁ ሕግ ካልፈቀደ በቀር አይፈቀድም። መሥሪያ ቤቱ የፈረመው ውል የአስተዳደር ውል ከሆነና ፈቃድ የሚሰጥ ሕግ ከሌለ፥ አንቀጹ ከአምስት ዓመት በኋላ የክርክሩ መጀመሪያ ርእስ ይሆናል፤ የፓምፑ ነገር ሳይነሣ የዳኞቹ ደሞዝ ብቻ ይቆጠራል።

ሌላው የመዝገብ ቤት ጉዳይ ነው። በግንባታ ሥራ በሰፊው የሚሠራበት ፊዲክ የተባለው የውል ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመው ደንቡ ተቋራጩ ተጨማሪ ጊዜ ወይም ገንዘብ የሚጠይቅበትን ምክንያት ባወቀ በ28 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያስታውቅ ያዛል። ቀኑ ካለፈ ጥያቄው ይቀራል። ይህ ለመሥሪያ ቤቱ ትልቅ መከላከያ ነው፤ ግን ደብዳቤው መቼ እንደ ደረሰ በመዝገብ ቤት ካልተጻፈ ማን ያስረዳል? ፋይሉን የሚይዘው ጸሐፊ፥ የሥራውን ቦታ የዕለት ማስታወሻ የሚጽፈው ተቆጣጣሪ፥ ዝናብ የጣለበትን ቀን የሚመዘግበው ሰው፥ እነዚህ ሁሉ ሳያውቁት የግልግሉ ምስክሮች ናቸው። ሊቁ ጠበቃ በሄግ የሚናገረው እነርሱ በእብናት የጻፉትን ነው። ኩባንያው የጻፈውን ደብዳቤ መልስ ሳይሰጡ በመሳቢያ ማሳደርም እንደ ማመን ሊቆጠር ይችላል።

በዚህ ረገድ በናይጄሪያ የሆነው ያስፈራል። የዚያ አገር መንግሥት በ2002 ዓ.ም. ፒ አይ ዲ ከሚባል ኩባንያ ጋር የጋዝ ማጣሪያ ሥራ የ20 ዓመት ውል ተዋዋለ። ማጣሪያው ጭራሹን አልተሠራም። የለንደን የግልግል ዳኞች ግን በ2009 ዓ.ም. ናይጄሪያ 6.6 ቢሊዮን ዶላር እንድትከፍል ፈረዱ፤ ከነወለዱ ከ11 ቢሊዮን አለፈ። ናይጄሪያ ወደ እንግሊዝ ፍርድ ቤት ሄዳ በጥቅምት ወር 2016 ዓ.ም. ፍርዱን አሻረች። ፍርድ ቤቱ ያገኘው ኩባንያው ለመንግሥት ሠራተኛ ጉቦ መስጠቱን፥ ሐሰተኛ ቃል ማቅረቡን፥ ናይጄሪያ ከጠበቆቿ ጋር የተጻጻፈችውን የምሥጢር ወረቀትም በእጁ ማስገባቱን ነው። ናይጄሪያ በመጨረሻ ብትረታም በግልግሉ ወቅት መከላከያዋ ደካማ ነበር፤ እውነቱ የወጣው ፍርዱ ካለፈ በኋላ በብዙ ዓመት ልፋት ነው። የምሥጢር ወረቀት ከቢሮ እንዴት እንደሚወጣ የቢሮ ሰው ከጠበቃ ይልቅ ያውቀዋል።

የቀረው የማስፈጸም ጉዳይ ነው። ዳኛ ፈረደ ማለት ገንዘብ ተከፈለ ማለት አይደለም። ከ170 በላይ አገሮች የገቡበት እ.ኤ.አ. በ1958 የተደረገው የኒው ዮርክ ኮንቬንሽን በአንዱ አገር የተሰጠ የግልግል ፍርድ በሌላው እንዲፈጸም ያደርጋል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 አጽድቃው፥ ነሐሴ 18 ቀን 2012 ዓ.ም. ሰነዷን አስገብታ፥ ከኅዳር 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጸንቶባታል። በአንጻሩ በዓለም ባንክ ሥር ያለውን የኢንቨስትመንት ክርክር ማእከል ኮንቬንሽን በመስከረም ወር 1958 ዓ.ም. ፈርማለች እንጂ አላጸደቀችውም። ስለዚህ አንድ ባለሀብት በውሉ «ጠባችን በዚያ ኮንቬንሽን ይታያል» ብሎ ቢያስገባና እኛም ብንፈርምለት አንቀጹ ቁልፍ እንደሌለው በር ይሆናል።

የኒው ዮርኩን ኮንቬንሽን ስትቀበልም ኢትዮጵያ ሦስት ገደብ አኑራለች። የሚፈጸመው በኮንቬንሽኑ አባል አገር የተሰጠ ፍርድ ነው፤ ጉዳዩ በሕጋችን የንግድ ጉዳይ መሆን አለበት፤ ኮንቬንሽኑም ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም፥ ኢትዮጵያ ከገባች በኋላ ለተደረጉ የግልግል ስምምነቶችና ለተሰጡ ፍርዶች ብቻ ነው። ስለዚህ በመዝገብ ቤታችሁ ውስጥ ከ2012 ዓ.ም. በፊት የተፈረመ፥ ሥራውም ገና ያላለቀ ከውጭ ኩባንያ ጋር የተደረገ ውል ካለ በመጀመሪያ ቀኑን ተመልከቱ። ከዚያ ኩባንያ ጋር ማሻሻያ ውል ለመፈራረም የተቀመጣችሁ እንደ ሆነም፥ ስለ ዋጋውና ስለ ጊዜው ስትነጋገሩ የግልግሉን አንቀጽ በዚያው ወረቀት ላይ በአዲስ ቀን እንደገና ለመጻፍ ዕድሉ አላችሁ።